ዓላማ፣ ዘዴና ውጤት፤ ስለ ፕሮፌሰር ጆዜፍ ናይ የምርምር ሕይወት

በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ጆዜፍ ናይ ሜይ 6 ቀን 2025 በ88 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ዜና ዕረፍታቸውን ያወጡት አብዛኞቹ ጋዜጦች «ለስላሳ ኃይል» የሚባለውን ሐሳብ ያስተዋወቁ ምሁር መሆናቸውን አስቀድመው ጠቀሱ። አንድ መንግሥት ሌላውን በጦር ሳያስፈራራና በገንዘብ ሳይደልል፣ በባህሉ፣ በሥርዐቱና በአርኣያነቱ ስቦ ወደ ፈቃዱ ሊያመጣው ይችላል የሚለው ይህ ሐሳብ በእርግጥ ስማቸውን በዓለም ዙሪያ አስጠርቶታል። ይሁን እንጂ ናይ በረዥሙ የምርምር ዘመናቸው ከዚህ የከበደ ሌላ ጥያቄ ሲያወጡና ሲያወርዱ ኖረዋል። ጥያቄውም፣ መንግሥታት ስለ ደኅንነታቸው ሲሉ በሚፈጽሙት ሥራ ላይ የሥነ ምግባር ፍርድ መስጠት ይቻላልን? ከተቻለስ በምን ሚዛን? የሚል ነው።

የማኅበራችን አባላት የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች አይደሉም፤ የዚህ መጽሔት ገጾችም ከዚህ ይልቅ ስለ ግድብ፣ ስለ ሕንፃና ስለ ኤሌክትሪክ መስመር ሲነገርባቸው ያምራሉ። ቢሆንም ናይ ጥያቄውን ያነሡት በቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ብቻ አይደለም። መሐንዲሶች በሠሩት መሣሪያ ፊት ቆመው፣ ስለ ሪአክተር ነዳጅና ስለ ፕሉቶኒየም ኪሎግራም እየተከራከሩ ነው። ስለዚህ የእሳቸው ታሪክ ከፊሉ የእኛም ሙያ ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እጠይቃለሁ።

የነገሩን ሥር ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። ለኢትዮጵያውያን የመንግሥታት ሥነ ምግባር ጉዳይ የክፍል ውስጥ ክርክር ብቻ ሆኖ አያውቅም። ጁን 30 ቀን 1936 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው አቤት ሲሉ፣ የተጠየቀው የማኅበሩ ቃል ኪዳን ለትንሹም ለትልቁም እኩል ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ነበር። ኢጣልያ በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ፕሮቶኮል በ1928 አጽድቃለች። ሆኖም ያ ፊርማ ከ1935 መጨረሻ ጀምሮ በሠራዊቱና በገበሬው ላይ ከአውሮፕላን የሰናፍጭ ጋዝ እንዳይዘንብ አላገደም። ማኅበሩ በኢጣልያ ላይ የጣለው የኢኮኖሚ ማዕቀብም ነዳጅ ዘይትን ሳይጨምር ቀረ፤ በጁላይ 1936 ደግሞ እሱም ተነሣ።

የዓለም አቀፍ ፖለቲካ ጥናት ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው እንዲህ ያሉት ውድቀቶች ከታዩ በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ኢ. ኤች. ካር በ1939 ባሳተሙት መጽሐፍ የአቢሲንያን ጉዳይ ከማስረጃዎቻቸው አንዱ አድርገው፣ ኃይልን ሳያገናዝብ በመልካም ምኞትና በቃል ኪዳን ብቻ የታነጸ ሰላም ሊቆም እንደማይችል አስረዱ። ከናዚዎች ሸሽተው አሜሪካ የገቡት ሃንስ ሞርጌንታውም በ1948 ባወጡት መጽሐፋቸው፣ መንግሥታትን የሚመራቸው በኃይል መለኪያ የሚታይ ጥቅም መሆኑን አስተማሩ። ሁለቱም ሥነ ምግባርን የናቁ ሰዎች አልነበሩም። ከእነሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች ግን ትምህርቱን አሳጥረው፣ በመንግሥታት መካከል ሥነ ምግባር ቦታ የለውም ወደሚል አቋራጭ ወሰዱት። ናይ ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ውጭ ጉዳይ ፖሊሲ መጽሐፍ እየጻፉ መሆናቸውን ለአንዲት ወዳጃቸው ቢነግሯት፣ «እንግዲያማ በጣም አጭር መጽሐፍ ይሆናላ» የሚል መንፈስ ያለው ቀልድ እንደ መለሰችላቸው ጽፈዋል።

ጆዜፍ ናይ ጃንዋሪ 19 ቀን 1937 በኒው ጀርሲ ተወልደው በገጠር እርሻ አደጉ። በ1958 ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው፣ በሮድስ የነጻ ትምህርት ዕድል ኦክስፎርድ ከተማሩ በኋላ፣ በ1964 ከሃርቫርድ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ በዚያው ዓመትም እዚያው ማስተማር ጀመሩ። ለዶክትሬት ያጠኑት ግን ስለ ቦምብ አልነበረም። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥተው፣ ካምፓላ ተቀምጠው፣ የኬንያን፣ የኡጋንዳንና የታንጋኒካን አንድነት መረመሩ።

ይህ የወጣትነት ጥናታቸው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኔ ግን መዘለል የለበትም ባይ ነኝ። ሦስቱ አገሮች ከቅኝ ግዛት ዘመን የወረሱት የጋራ ገንዘብ፣ የጋራ የባቡርና የወደብ አስተዳደር፣ የጋራ ፖስታና ቴሌግራም፣ የጋራ አየር መንገድ ነበራቸው። በመሐንዲስ ዐይን ሲታይ አንድነቱ ተሠርቶ ያለቀ ይመስላል፤ ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ ሽቦው ተወጥሯል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ በተመሠረተ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጁን 5 ቀን 1963፣ ኬንያታ፣ ኔሬሬና ኦቦቴ አንድ ፌዴሬሽን ለማቋቋም መስማማታቸውን አስታወቁ። ፌዴሬሽኑ ሳይቋቋም ቀረ። በ1967 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብም በ1977 ፈረሰ፤ እንደገና ለመቋቋም እስከ 2000 መጠበቅ ነበረበት። ናይ በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ ያመለከቱት፣ የኢኮኖሚ ጥቅም ብቻውን አንድነትን እንደማይወልድ፣ መሪዎችና ሕዝቦች የሚያምኑበት ሐሳብ ራሱን የቻለ ክብደት እንዳለው ነው። ኃይል ማለት የሚቆጠር ነገር ብቻ አለመሆኑን ወጣቱ ተመራማሪ የተማሩት እንግዲህ በዚህ በጎረቤታችን አገር ነው።

ከሮበርት ኮሄን ጋር ሆነው በ1977 ያሳተሙት «ኃይልና መደጋገፍ» የተሰኘው መጽሐፍ በሙያ ባልደረቦቻቸው ዘንድ ታላቅ ስም ሰጣቸው። ስለዚያ ሥራ ሌሎች ብዙ ጽፈዋልና እዚህ ማተት አያስፈልግም። ለእኛ የሚበልጠው በዚያው ዓመት የጀመሩት ሌላ ሥራ ነው።

ሜይ 18 ቀን 1974 ሕንድ በራጃስታን በረሃ ከምድር በታች የኑክሌር ፍንዳታ አካሄደች። የፍንዳታው ፕሉቶኒየም የተገኘው በቦምቤይ አጠገብ ትሮምቤይ በተባለው ስፍራ ከተተከለ «ሳይረስ» ከሚባል የ40 ሜጋዋት የምርምር ሪአክተር ነበር። ሪአክተሩን የሰጠችው ካናዳ፣ ከባድ ውሃውን የሰጠችው አሜሪካ ነበረች፤ ሁለቱም የሰጡት ለሰላማዊ አገልግሎት ይውላል ተብሎ ነው። ሕንድም ፍንዳታው ሰላማዊ መሆኑን ገለጸች። በዚህ ነገር ውስጥ ክፉ አሳቢ መሐንዲስ ለማግኘት የሚፈልግ ሰው ይደክማል። የካናዳ ባለሙያዎች ለአንድ አዲስ ነጻ አገር የምርምር መሣሪያ ተከሉ፤ መሣሪያውም እንደ ታቀደው በሚገባ ሠራ።

ነገሩን ለማያውቁት አባላት በአጭሩ ላብራራ። ዩራኒየም በሪአክተር ውስጥ ሲነድ ከፊሉ ወደ ፕሉቶኒየም ይለወጣል። ፕሉቶኒየሙ ባገለገለው ነዳጅ ውስጥ እንደ ተቀላቀለ እስካለ ድረስ ጨረሩ ራሱ ዘበኛው ነው፤ ማንም ሊነካው አይችልም። በኬሚካል ተጣርቶ ከተለየ በኋላ ግን በትንሽ ዕቃ የሚያዝ፣ በሰው እጅ የሚጓጓዝ ነገር ይሆናል። ናጋሳኪን ያጠፋው ቦምብ የያዘው 6 ኪሎግራም ያህል ፕሉቶኒየም ነበር። አንድ የ1000 ሜጋዋት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሪአክተር ደግሞ በዓመት ከ200 ኪሎግራም በላይ ያፈራል። በ1970ዎቹ የኑክሌር ኢንዱስትሪው ዕቅድ ይህን ሁሉ እያጣራ እንደገና ለነዳጅ ማዋል ነበር። ምዕራብ ጀርመን በ1975 ለብራዚል፣ ፈረንሳይ በ1976 ለፓኪስታን የማጣሪያ ቴክኖሎጂ ለመሸጥ የተዋዋሉትም በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

ናይ ከፊዚክስና ከኢኮኖሚክስ ሊቃውንት ጋር በአባልነት የተካፈሉበት፣ በፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ የተካሄደ አንድ ጥናት በ1977 ታተመ። ጥናቱ ፕሉቶኒየምን ማጣራት በዚያን ጊዜ በኢኮኖሚ ረገድ አስፈላጊ አለመሆኑን አስረዳ። ፕሬዚዳንት ካርተርም ኤፕሪል 7 ቀን 1977 አሜሪካ ለንግድ የሚደረገውን የፕሉቶኒየም ማጣራት ላልተወሰነ ጊዜ ማቆሟን አስታወቁ። ናይ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተጠርተው እስከ 1979 የኑክሌር ጦር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚሠራውን የመንግሥት ቡድን በሊቀ መንበርነት መሩ።

ጊዜው ለእሳቸው ቀላል አልነበረም። የማጣሪያ ፋብሪካ ለመትከል ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱት ጃፓንና የምዕራብ አውሮፓ መንግሥታት በብርቱ ተቃወሙ፤ የአሜሪካ ኢንዱስትሪም እንዲሁ። ተቃዋሚዎቹ ያነሡት ክርክር ደግሞ የሥነ ምግባር ክርክር ነበር። ራሷ በሺህ የሚቆጠር ቦምብ የያዘች አገር ሌላውን ስለ አንድ ፋብሪካ ልትገሥጽ ምን ሥልጣን አላት? ናይ መልሱን በእልህ አልፈለጉትም። ጉዳዩን ወደ ቴክኒክ ጥናት አዞሩት፤ አቅራቢዎችና ተቀባዮች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የነዳጁን ጉዞ ከማዕድን እስከ ቆሻሻው ድረስ የሚመረምሩበት ዓለም አቀፍ ግምገማ ከ1977 እስከ 1980 ተካሄደ። አቅራቢ አገሮች የተስማሙበት የሽያጭ መመሪያ በ1978 ይፋ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ከፓኪስታኑ ውል ወጣች። ፓኪስታን ግን ዩራኒየምን በማበልጸግ ሌላ መንገድ ይዛ ሄደችና፣ ሜይ 1998 ከሕንድ ቀጥላ የራሷን ቦምቦች አፈነዳች። አንዱ በር ሲዘጋ ሌላው ተከፍቷል። የናይ ወገን መልስ፣ ሃያ ዓመት ማዘግየት ቀላል ነገር አይደለም የሚል ነው። እኔም በዚህ አልቃወማቸውም፤ በሌላ ቦታ ግን የማጣሪያ ሥራን በመተው ጉዳዩ በእርግጥ የቆመበት አገር መኖሩንም ማስታወስ ይገባል።

ናይ ወደ ሃርቫርድ በተመለሱበት ዓመት፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1979፣ የሰሜን አሜሪካ የአየር መከላከያ ማዘዣ ኮምፒዩተር ብዙ የሶቪየት ሚሳይሎች መተኮሳቸውን አስታወቀ። የሆነው ነገር የልምምድ ቴፕ በዋናው መሣሪያ ላይ መጫኑ ነበር። ጁን 3 ቀን 1980 ደግሞ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ተሰማና የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ሠራተኞች ሞተር እንዲያስነሡ ታዘዙ። የስሕተቱ ምንጭ ተፈልጎ ሲገኝ ዋጋዋ ከ1 ዶላር የማይሞላ አንዲት የተበላሸች የኮምፒዩተር ቺፕ ሆና ተገኘች። የመሣሪያ አስተማማኝነት የሚያስተምሩ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን ምሳሌ ለተማሪዎቻቸው ቢነግሩት የተሻለ ምሳሌ የሚያገኙ አይመስለኝም።

ሕዝቡም ይህን ይሰማ ነበር። ጁን 12 ቀን 1982 በኒው ዮርክ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው የጦር መሣሪያ እሽቅድምድሙ ይቁም ብሎ ሰልፍ ወጣ። በሜይ 1983 የአሜሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ረዥም ደብዳቤ አወጡ፤ በኑክሌር መሣሪያ ማስፈራራትን በጥብቅ ቅድመ ሁኔታ ብቻ፣ ትጥቅ እስኪፈታ ድረስ ለጊዜው፣ ሊታገሡት እንደሚችሉ ገለጹ። ጦርነትን በቦምብ ማስፈራሪያ ማስቀረት በራሱ የሚያስገርም ነገር ነው። አንድ ሰው ፈጽሞ ሊያደርገው የማይገባውን ግፍ አደርጋለሁ እያለ በመዛት ሰላምን ይጠብቃል። ዛቻው ኃጢአት ነውን? ጳጳሳቱ የተጨነቁበት ይህ ነበር። ናይ ከአምስት የሃርቫርድ ባልደረቦቻቸው ጋር በ1983 «ከኑክሌር መሣሪያ ጋር መኖር» የተባለውን መጽሐፍ ለጠቅላላው አንባቢ ያዘጋጁት በዚህ ጭንቀት መካከል ነው።

በ1985 ከግራሃም አሊሰንና ከአልበርት ካርኔሳሌ ጋር ያዘጋጁት መጽሐፍ ደግሞ ስሙን ከአዕዋፍ ወሰደ። ጦርነት የሚመጣው በደካማነት ነው የሚሉትን ጭልፊት፣ በጠብ አጫሪነት ነው የሚሉትን ርግብ ብሎ መጥራት የተለመደ ነበር። እነ ናይ ሦስተኛ ወገን ጨመሩ፤ ጉጉት። ጉጉት የሚፈራው የማንንም ክፋት አይደለም፤ አደጋን፣ የተሳሳተ መረጃን፣ የትእዛዝ መዛባትን፣ በድንጋጤ የሚወሰን ውሳኔን ነው። የመሐንዲስ ፍርሃት ማለት ይኸው ነው። በ1987 ዋሽንግተንና ሞስኮ መረጃ የሚለዋወጡባቸውን የኑክሌር አደጋ መቀነሻ ማእከሎች ለማቋቋም የተፈራረሙት ውል የዚህ ዓይነቱን ስጋት ያዳመጠ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1986 «የኑክሌር ሥነ ምግባር» ታተመ። መጽሐፉ ወፍራም አይደለም። ዋና ቁም ነገሩ ሁለት ዓይነት ሰነፍ አስተሳሰብን መቃወም ነው። አንደኛው ወገን የልብ ንጽሕናን ብቻ አይቶ ይፈርዳል፤ መሣሪያውን መያዝ በራሱ ርኵሰት ነውና ውጤቱ ምንም ይሁን መጣል አለበት ይላል። ሁለተኛው ወገን ውጤትን ብቻ አይቶ፣ ሰላም እስከ ተገኘ ድረስ በምን ዘዴ እንደ ተገኘ አይጠይቅም። ናይ ሦስቱን ማለትም ዓላማን፣ ዘዴንና ውጤትን አንድ ላይ ሳይመዝኑ መፍረድ አይገባም አሉ። ከዚህም ተነሥተው አምስት መመሪያ አወጡ። ከዓላማ አንጻር፣ ራስን መከላከል ተገቢ ሆኖ ሳለ ወሰን ያለው ምክንያት ነው። ከዘዴ አንጻር፣ የኑክሌር መሣሪያ ፈጽሞ እንደ ተራ መሣሪያ መታየት የለበትም፤ በንጹሓን ሰዎች ላይ የሚደርሰውም ጉዳት የተቻለውን ያህል መቀነስ አለበት። ከውጤት አንጻር ደግሞ፣ በቅርቡ ጊዜ የጦርነቱን አደጋ መቀነስ፣ በረዥሙ ጊዜ በመሣሪያው ላይ ያለውን መተማመን እያሳነሱ መሄድ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው መመሪያ ለመሐንዲስ በቁጥር ይገለጣል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ አንድ አደጋ በዓመት የመድረስ ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው እንበል። በአንድ ዓመት ሲታይ ትንሽ ነው። በመቶ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ ግን ከመቶ 63 ይሆናል። ድልድይ የሚነድፍ ሰው እንዲህ ያለ ስሌት ይዞ ቢመጣ ፈርሞ የሚያሳልፍለት የለም። መጽሐፉ በታተመበት ዓመት በዓለም ላይ የነበረው የኑክሌር ቦምብ ብዛት ከ70,000 አልፎ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ዛሬ ወደ 12,000 ወርዷል። ቁጥሩ ቢቀንስም ስሌቱ አልተለወጠም።

በዚህ ሚዛን የ1936ን ጉዳይ ብንመዝን ምን እናገኛለን? የመንግሥታት ማኅበር የተናገረው ዓላማ መልካም ነበር። ዘዴው ነዳጅን ያላካተተ ማዕቀብ ነበር። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በዓላማ ብቻ የሚፈርድ ሰው ማኅበሩን ያመሰግናል፤ ሦስቱን የሚመዝን ሰው ግን ካር ከደረሱበት ድምዳሜ ይለያል። ጥፋቱ ሥነ ምግባርን ወደ ፖለቲካ ማስገባቱ አይደለም፤ ዓላማውን አውጆ ዘዴውን መንፈጉ ነው። ናይ ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ላይ መጽሐፍ አልጻፉም፤ ሚዛኑን ግን ሰጥተውናል።

የኔ ቅሬታ በሌላ በኩል ነው። ናይ በ1985 ባወጡት አንድ ጽሑፍ፣ አምስት አገሮች ቦምብ ይዘው ሌሎቹ እንዳይዙ የሚያደርገውን የኑክሌር ጦር መሣሪያ አለመስፋፋት ውል እኩል አለመሆን ሊደገፍ የሚችል ነው ብለው ተከራከሩ። መሣሪያ መያዝ ለሁሉም ቢፈቀድ ለሁሉም የሚተርፈው አደጋ ይበዛልና። ክርክሩ ጠንካራ ነው። ሆኖም የሚጸናው ባለ መሣሪያዎቹ በምላሹ የገቡትን ግዴታ ሲፈጽሙ ብቻ ነው፤ መፈጸማቸውንም የሚመዝኑት እነሱው ናቸው። አፍሪካ በዚህ ረገድ ከሌሎች ቀድማ ሄዳለች ማለት ይቻላል። ደቡብ አፍሪካ ስድስት ቦምብ ሠርታ ማፍረሷን ማርች 1993 አስታወቀች። አህጉሪቱን ከኑክሌር መሣሪያ ነጻ የሚያደርገው የፔሊንዳባ ውል በ1996 ተፈርሞ ከ2009 ጀምሮ ይሠራል። ድሆቹ ግዴታቸውን ፈጽመዋል።

ናይ በ1993 እንደገና ወደ መንግሥት ሥራ ተመልሰው የብሔራዊ የስለላ ምክር ቤት ሊቀ መንበር፣ ከ1994 እስከ 1995 በመከላከያ ሚኒስቴር የዓለም አቀፍ ጸጥታ ጉዳይ ረዳት ሚኒስትር ሆኑ። በዚህ ጊዜ የመሩት ጥናት አሜሪካ በምሥራቅ እስያ 100,000 ያህል ወታደር እንድታቆይ መከረ። ምክሩ ለአካባቢው ሰላም ጠቅሟል የሚሉ ብዙ ናቸው። በ1995 ሦስት የአሜሪካ ወታደሮች በአንዲት የ12 ዓመት ልጅ ላይ በፈጸሙት ግፍ አደባባይ የወጡት የኦኪናዋ ነዋሪዎች ግን የጸጥታው ሸክም የወደቀው በማን ትከሻ ላይ እንደሆነ ለዓለም አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ እስከ 2004 የኬኔዲ የመንግሥት አስተዳደር ትምህርት ቤት ዲን ሆነው ሠሩ።

በ83 ዓመታቸው፣ በ2020፣ ያሳተሙት መጽሐፍ የሥራቸው ሁሉ ማሰሪያ ነው። ከሩዝቬልት እስከ ትራምፕ ያሉትን የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች በዓላማ፣ በዘዴና በውጤት እየመዘኑ ነጥብ ሰጧቸው። ሩዝቬልት፣ ትሩማን፣ አይዘንሃወርና የመጀመሪያው ቡሽ ከላይ፣ ጆንሰን፣ ኒክሰንና ሁለተኛው ቡሽ ከታች ሆኑ፤ ትራምፕም ዘመናቸው ገና ሳያልቅ ለጊዜው ከታችኞቹ ጋር ተመደቡ። የሁለተኛው ቡሽ ፍርድ ለምሳሌ የሚበቃ ነው። ዲሞክራሲን ለማስፋፋት የተነገረ መልካም ዓላማ በ2003 ኢራቅ ውስጥ ላስከተለው ጥፋት ይቅርታ አያሰጥም፤ የሚሄዱበትን አገር ሁኔታ ሳያውቁ መነሣት በራሱ የሥነ ምግባር ጉድለት ነው ይላሉ ናይ። አፈሩን ሳይመረምር መሠረት የሚጥል ሰው በሙያችን ምን እንደሚባል እናውቃለን።

በትሩማን ላይ የሰጡት ፍርድ ይበልጥ ያከራክራል። ሂሮሺማንና ናጋሳኪን ያስመቱት ሰው እንዴት ከላይኞቹ ተመደቡ? ናይ የሚያመለክቱት ኮሪያን ነው። ጦርነቱ በከፋበት ጊዜ ቦምቡን መጠቀም ይቻል ነበር፤ የመከሩም ነበሩ። ትሩማን ግን ሳይጠቀሙ ቀሩ፤ ጄኔራል ማክአርተርን በኤፕሪል 1951 ሻሩ፤ በሕዝብ ዘንድ የነበራቸውን ድጋፍም አጡ። ከናጋሳኪ ወዲህ ማንም መንግሥት ያን መሣሪያ በጦርነት ላይ አለማዋሉ የጀመረው ከዚያ ነው። የጄኔቫው ፕሮቶኮል በፊርማ ሊያስከብረው ያልቻለውን ነገር፣ አንድ መሪ በጭንቅ ሰዓት አላደርገውም በማለቱ ልማድ አደረገው። ይህን የናይን ትንታኔ እቀበለዋለሁ፤ በ1945 ለሞቱት ሰዎች ግን ሂሳብ መክፈያ ሊሆን እንደማይችል መናገር ይገባል።

ስለ ሩዋንዳ የጻፉት አጭር ነው። በ1994 በመቶ ቀን ውስጥ 800,000 ያህል ሰው ሲያልቅ፣ የጸጥታው ምክር ቤት ኤፕሪል 21 ቀን በዚያ የነበረውን ሰላም አስከባሪ ወደ 270 እንዲቀነስ ወሰነ። ናይ እንደሚሉት፣ ከሶማሊያው ጉዳት በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት ወታደር ወደ ሌላ የአፍሪካ አገር መላክን በብርቱ ይቃወም ነበር፤ ቢሆንም ፕሬዚዳንት ክሊንተን የተባበሩት መንግሥታትን ጦር በመርዳት ከዚህ የተሻለ ነገር ማድረግ ይችሉ ነበር። ይህ ፍርድ ሚዛናዊ ነው። ነገር ግን ያን ጊዜ ናይ ራሳቸው ለፕሬዚዳንቱ የስለላ ግምገማ የሚያቀርበው ምክር ቤት ሊቀ መንበር ነበሩ፤ የተመደበው ነጥብም ከቤቱ ውስጥ ለቤቱ ሰው የተሰጠ ነጥብ ነው። በወጣትነታቸው ምሥራቅ አፍሪካን በእግራቸው የዞሩ ምሁር በዚህ ምዕራፍ ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ረዘም ብለው ቢቆሙ ደስ ባለኝ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦር እንደገና ተጠናክሮ የኢትዮጵያ ሻለቃ ሩዋንዳ የገባው በኦገስት 1994፣ ግድያው ካበቃ በኋላ ነው።